ኢንተርኔት የተጀመረው መቼ ነው? ፈተና ላይ ያከራከረ ጥያቄ

የጠባሴው መምህር
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ጤና ይስጥልኝ፣ የመድረኩ ታዳሚዎች። በደብረ ብርሃን ከተማ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ መምህር ነኝ። ባለፈው ሳምንት ለ8ኛ ክፍል ባወጣሁት ፈተና አራተኛው ጥያቄ እንዲህ የሚል ነበር፦ «ኢንተርኔት የተጀመረው መቼ ነው? ሀ/ 1969 ለ/ 1983 ሐ/ 1989 መ/ 1991»። መልሱ «ሀ» ነው ብዬ አረምኩ፤ ወረቀቱን በመለስኩበት ዕለት ግን ክፍሉ ገበያ ሆነ።

አንዲት ተማሪ ተነሥታ 1983 ያለችበትን ምክንያት በረጋ አነጋገር አስረዳች። ሌላው 1991 ነው ብሎ ያነበበውን ጠቀሰ፤ 1989 ያሉትም ቢሆኑ ባዶ እጃቸውን አልነበሩም። እኔ ለ«ሀ» የነበረኝ ማስረጃ «እኔም ስማር እንዲህ ነው የተባልኩት» ከማለት እንደማያልፍ የገባኝ ሰሌዳው ፊት ቆሜ ነው። ይባስ ብሎ «ኢንተርኔት የአሜሪካ ጦር ከአቶሚክ ጦርነት የሚተርፍ መገናኛ ፈልጎ ያሠራው ነው» ብዬ አስተምሬያቸው ስለነበር፣ ይህንንም እንዳረጋግጥ ተጠየቅኩ።

ጥያቄው የያዘው ሁለት ነጥብ ነው። ለሌላ ሰው ሁለት ነጥብ ምንም ላይመስል ይችላል፤ ለደረጃ የሚፎካከሩ ልጆች ግን እንቅልፍ ያጡበታል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ የምታውቁ አስረዱኝ፤ ነጥቡን ልመልስ ወይስ ባረምኩት ልጽና?


የአንጎለላው
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡35

መምህር፣ ኮምፒውተር ሳይንስ አጥንቼ በዚያው ሙያ የምኖር ሰው ስለሆንኩ ትንሽ ብረዝም ይታገሡኝ።

ከአቶሚኩ ልጀምር፤ ለማረም የሚያስቸግረው ግማሽ እውነት ስላለበት ነው። ፖል ባራን የተባለ መሐንዲስ ራንድ በተባለው የጥናት ተቋም ሳለ፣ የስልክ ማዕከሎች በቦምብ ቢመቱ እንኳ የማይቋረጥ መገናኛ እንዴት ሊሠራ እንደሚችል አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1964 በተከታታይ ጽሑፎች አውጥቷል። ያቀረበው ሐሳብ፣ መሐል ላይ አንድ ትልቅ ማዕከል ከማቆም ይልቅ እያንዳንዱን ጣቢያ ከብዙ ጎረቤቶቹ ጋር ማገናኘትና መልእክቱንም ቆራርሶ መላክ ነበር። ጣቢያው የደረሰውን ቁራጭ ሳያቆይ ለሚቀጥለው ስለሚያቀብል ዘዴውን «ትኩስ ድንች» ብሎ ጠራው፤ ከረመጥ የወጣ ድንች በእጁ ይዞ የሚያውቅ የአገራችን ሰው ነገሩ ሳይብራራለት ይገባዋል።

ይሁን እንጂ አርፓኔት የተባለው የመጀመሪያው መረብ የተሠራበት ምክንያት ይህ አልነበረም። አርፓ በተባለው የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የምርምር ክፍል የኮምፒውተር ጥናት ኃላፊ የነበረው ቦብ ቴይለር ሦስት ተርሚናሎች (ከሩቅ ካለ ኮምፒውተር ጋር የሚጻጻፉባቸው መሣሪያዎች) ነበሩት፤ አንዱ ሳንታ ሞኒካ፣ አንዱ በርክሌይ፣ አንዱ ደግሞ ማሳቹሴትስ ውስጥ ኤም.አይ.ቲ. ካሉ ኮምፒውተሮች ጋር ያገናኙታል። ከአንዱ ጋር ጀምሮ የነበረውን ሥራ ለሌላው ለማካፈል ሲፈልግ ከወንበሩ ተነሥቶ ሌላኛው ተርሚናል ዘንድ መሄድና የዚያኛውን የአሠራር ትእዛዝ ማስታወስ ነበረበት። ለሁሉም የሚያገለግል አንድ ተርሚናል እንዲኖር ፈልጎ እ.ኤ.አ. በ1966 አለቃውን ገንዘብ ጠየቀ፤ ተፈቀደለትም። በዚያ ዘመን የአንድ ኮምፒውተር ዋጋ የሚቀመስ ስላልነበር፣ ለየዩኒቨርሲቲው አዲስ ከመግዛት ያለውን በጋራ መጠቀም ያዋጣ ነበር። ገንዘቡ የወጣው ከመከላከያ ነው፤ ምክንያቱ ግን ቁጠባ ነው።

መልእክቱን የመቆራረሱ ሐሳብ በእንግሊዝ አገርም በቅሎ ነበር። የብሔራዊው የፊዚክስ ላቦራቶሪ ባልደረባ ዶናልድ ዴቪስ ባራንን ሳያውቅ እዚያው ደርሶ ቁራጩን «ፓኬት» ብሎ ሰየመው። (በአማርኛ «ጥቅል» እንዳልለው፣ ዛሬ ጥቅል ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው በብር የሚገዛውን ነው።) አሠራሩን ለልጆቹ ሲያስረዱ ከመሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን 20 ኩንታል ገብስ የሚልክ ነጋዴ ይጥቀሱላቸው። ነጋዴው ሁሉን አንድ ላይ የሚጭን መኪና እስኪገኝ ከመጠበቅ ይልቅ በየኩንታሉ ላይ ስሙን፣ መድረሻውንና ተራ ቁጥሩን ጽፎ በተገኘው አይሱዙ ሁሉ ይልካል። 12ኛው ከ3ኛው ቀድሞ ቢገባ ተቀባዩ በቁጥሩ ይደረድረዋል፤ 7ኛው ቢጎድል 7ኛው ብቻ እንደገና ይላክለታል። ገብስ ሁለት ጊዜ አይላክም እንጂ መልእክት ግን ላኪው ዘንድ ቅጂ አለው።

አሁን ወደ 1969 እንምጣ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 1969 ከምሽቱ 4፡30 ላይ ቻርሊ ክላይን የተባለ ተማሪ በሎስ አንጀለስ ከሚገኘው ዩ.ሲ.ኤል.ኤ. ሆኖ፣ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ወዳለ ኮምፒውተር «ሎግኢን» የሚለውን ቃል መጻፍ ጀመረ። «ኤል» እና «ኦ» ተሻገሩ፤ ቀጣዩ ፊደል ሲላክ የወዲያኛው ኮምፒውተር ቀጥ አለ። ስሕተቱ ተስተካክሎ ግንኙነቱ የተሳካው ከአንድ ሰዓት ያህል በኋላ ነው። በእኛ አገር ሰዓቱ በማግሥቱ ከጠዋቱ 3፡30 ነበር፤ ተማሪ ክፍል ውስጥ፣ ገበሬም አዝመራው ላይ ነበር ማለት ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ የሳንታ ባርባራና የዩታ ዩኒቨርሲቲዎች ተጨምረው የመረቡ አባላት አራት ሆኑ።

ስለዚህ የእርስዎ «ሀ» መሠረት አለው። በዚያ ምሽት የተጀመረው ኢንተርኔት ነው ወይ የሚለው ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱን እመለስበታለሁ።


ጋሽ መስመር
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡20

እንደምን አደራችሁ ልጆች። በስልክ ሥራ አርጅቼ አሁን ጡረታ ወጥቼ ደብረ ሲና እኖራለሁ። የአንጎለላው ልጅ ያለውን ከስልክ ሠራተኛ ዓይን ባየው ጥሩ ነው፤ አዲሱ ነገር ምን ያህል አዲስ እንደነበር የሚታየው የቀድሞውን ሲያውቁት ነውና።

ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1894 ተጀምሮ ከሐረር አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር መስመር ተዘረጋ። እኔ ሥራ ስጀምር በየወረዳው የነበረው ባለ እጀታ ስልክ ነው። ደዋዩ እጀታውን ያሽከረክራል፤ ማዞሪያዋ ላይ ያለችው ኦፕሬተር ታነሣለች፤ «ደብረ ብርሃንን ስጭኝ» ይላታል፤ እሷ ገመዱን ከቀዳዳው ስትሰካ ከደዋዩ እስከ ተቀባዩ ድረስ አንድ ያልተቋረጠ የሽቦ መንገድ ይገጠማል። ያ መንገድ ሁለቱ ሰዎች እስኪለያዩ ድረስ የእነሱ ብቻ ነው። ሲያወሩም የእነሱ ነው፤ አንደኛው ልጁን ሊጠራ ወደ ጓሮ ሄዶ መስመሩ ጭጭ ሲልም የእነሱ ነው። ዝምታው ሁሉ ሒሳብ ይቆጠርበት ነበር። ሌላው ወረፋ ጠባቂ ደግሞ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያንን ዝምታ ይጠብቃል።

የኮምፒውተር ንግግር ከሰው ንግግር የባሰ ዝምታ የበዛበት ነው፤ አንድ ቃል ይልክና ብዙ ይቆያል። ሽቦውን ለአንድ ሰው ብቻ ከመስጠት ብዙዎች ቁራጭ መልእክታቸውን እያፈራረቁ እንዲልኩበት ማድረግ የተፈለገው በዚህ ምክንያት ነው። በጊዜው የስልክ ኩባንያ መሐንዲሶች ሐሳቡን አልተቀበሉትም፤ እኔም ከእነሱ ጋር ብሆን ኖሮ አልቀበለውም ነበር። መንገዱ አስቀድሞ ሳይገጠም መልእክት መልቀቅ ለእኛ ሙያ እብደት ይመስላል።

ሌላም ነገር ልጨምር። የጣርማ በርን ዋሻ የማያውቅ የሰሜን ሸዋ ሰው የለም። አንድ ከባድ መኪና ዋሻው ውስጥ ሲበላሽ ወደ ደሴ የሚወጣውም ወደ አዲስ አበባ የሚወርደውም ተሰልፎ ያድራል። የስልክ ምሰሶዎቻችንም እንደዚያው ነበሩ፤ በክረምት ጉም ውስጥ አንድ ምሰሶ ከወደቀ ከዚያ በታች ያለው አገር ሁሉ ዝም ይላል። ፓኬት በሌላ በኩል መዞር የሚችለው ግን ሌላ በኩል ካለ ብቻ ነው፤ ይህን መጻሕፍቱ አይነግሯችሁም፣ ምሰሶ የወጣ ሰው ይነግራችኋል።


የሮቢት ልጅ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡05

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ ግን 1983 ያለችው ተማሪ ልክ ናት ባይ ነኝ። እስካሁን የተወራው ስለ አርፓኔት ነው፤ አርፓኔት ደግሞ አንድ መረብ ነው። «ኢንተር» የሚለው ቃል ራሱ በመረቦች መካከል ማለት ከሆነ፣ አንድ መረብ ብቻውን እንዴት ኢንተርኔት ይባላል?


የአንጎለላው
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡50

እመለስበታለሁ ያልኩት ይህንኑ ነበር፤ የሮቢት ልጅ ቀደመኝ።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ መረቦች በዝተው ነበር። ከአርፓኔት ሌላ በሬዲዮ የሚሠራ፣ በሳተላይት የሚሠራ፣ በፈረንሳይም ሉዊ ፑዛን ያቋቋመው ሲክላድ የተባለ መረብ ነበር። እያንዳንዱ የራሱ ደንብ፣ የራሱ የፓኬት መጠን ስለነበረው እርስ በርስ አይግባቡም። ቪንት ሰርፍና ቦብ ካን እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ጽሑፍ መረቦቹ ውስጣቸውን ሳይለውጡ በድንበራቸው ላይ የሚገናኙበትን ደንብ አቀረቡ። በደንቡ መሠረት በሁለት መረቦች መካከል የቆመው መሣሪያ ፓኬቱ ላይ ያለውን አድራሻ አይቶ ከማሳለፍ በቀር ስለ ይዘቱ አይጨነቅም፤ የጎደለውን ማስላክና የተዘበራረቀውን መደርደር የሁለቱ ጫፎች ሥራ ነው። በእኔ አስተያየት የዚህ ታሪክ ትልቁ እመርታ ይህ ነው፤ መሐሉን ቀላል፣ ጫፉን ብልህ ማድረግ። ጋሼ የሚያውቁት የስልክ ሥርዓት የዚህ ተቃራኒ ነበር፤ ብልሃቱ ሁሉ ማዞሪያው ዘንድ ነው፣ ተራው ስልክ ግን ምንም አያውቅም።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 22 ቀን 1977 ደንቡ ሦስት መረቦችን አገናኝቶ ተፈተነ። በካሊፎርኒያ ጎዳና ላይ ከምትሄድ መኪና በሬዲዮ የተነሣው መልእክት በአርፓኔት አልፎ፣ በሳተላይት አውሮፓ ደርሶ፣ ተመልሶ እዚያው ካሊፎርኒያ ገባ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶም አርፓኔት የቀድሞ ደንቡን ትቶ ወደ አዲሱ ቲሲፒ/አይፒ እንዲሻገር እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1983 የመጨረሻው ቀን ሆኖ ተቆረጠ። ያልተሻገረ ኮምፒውተር ከመረቡ ውጭ ሆነ። ሥራው አድካሚ ስለነበር አንዳንዶቹ ከሽግግሩ መትረፋቸውን የሚገልጽ ባጅ ደረታቸው ላይ ለጥፈው ነበር ይባላል። ዛሬ በእጃችን ያለው ስልክ የሚናገረው ያንኑ ደንብ ስለሆነ፣ ቀን መቁረጥ ግድ ከሆነ እኔም የምቆርጠው በ1983 ነው።

በዚያው ዓመት ፖል ሞካፔትሪስ የአድራሻ ስሞችን ሥርዓት አወጣ። እስከዚያ ድረስ የኮምፒውተሮቹ ስምና ቁጥር በሙሉ በአንድ ፋይል ተጽፎ በስታንፎርዱ ተቋም በኤልዛቤት ፌንለር ቡድን ይጠበቅ ነበር፤ አዲስ ኮምፒውተር ያስገባ ሰው ማመልከት የነበረበት ለእነሱ ነው። አባላቱ ሲበዙ አንድ መዝገብ ይህን ሁሉ መሸከም አልቻለም።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። እነዚህ ደንቦች የተጻፉበት መንገድ ከዚህ መድረክ ብዙ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1969 ስቲቭ ክሮከር የተባለ ተማሪ የመጀመሪያውን ሰነድ ሲጽፍ፣ ትልልቆቹን የዘለለ እንዳይመስልበት ፈርቶ «አስተያየት ይሰጥበት» የሚል ርእስ አወጣለት። በሌሊት ሲጽፍ አብረውት የሚኖሩትን ላለመቀስቀስ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ነበር። ስሙ በዚያው ቀርቶ ዛሬም ድረስ የኢንተርኔት ደንቦች የሚወጡት በዚያ ርእስ ነው።


የመሐል ሜዳዋ ጸሐፊ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡15

ወንድሞቼ፣ የምትሉትን ሁሉ በጥሞና አነበብኩ። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ከጽሕፈት መኪና እስከ ኮምፒውተር የሠራሁ ሰው ነኝ። ኢንተርኔት ለእኔ የተጀመረበት ቀን ግን እስካሁን ከተጠቀሱት ውስጥ የለም።

ኮምፒውተር ሲመጣልን አማርኛውን የምንጽፈው በፓወር ግዕዝና መሰል ፕሮግራሞች ነበር። ጽሑፉ ሲታተም ያምራል፤ ከጽሕፈት መኪናው ጋር አይወዳደርም። ቆይቶ ኢሜይል ተጀመረና «ከእንግዲህ ሪፖርት በመኪና አይላክም» ተባለ። እኔም የወሩን ሪፖርት ጽፌ ላክሁ። በማግሥቱ ከበላይ መሥሪያ ቤቱ ተደወለ፤ «እኅቴ፣ የላክሽው ምን ቋንቋ ነው?» አሉኝ። እነሱ ዘንድ ፕሮግራሙ ስላልተጫነ የኔ ሪፖርት የፈረንጅ ፊደል፣ የሥርዓተ ነጥብና የሳጥን ቁልል ሆኖ ነበር። መፍትሔ ሆኖ የተገኘው ሪፖርቱን አትሞ በማለዳው አውቶቡስ መላክ ነው። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ሪፖርታችን በኢሜይል ይደርስ ነበር፤ የሚነበበው ግን በአውቶቡስ የላክነው ነው።

ኋላ አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ ምክንያቱን አስረዳኝ። ኮምፒውተር የሚያውቀው ቁጥር እንጂ ፊደል አይደለም፤ አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጡት አስኪ የተባለው ሰንጠረዥ የነበረው 128 ቦታ ብቻ ነው፣ ያም ለእንግሊዝኛ ተበጅቷል። የኛ ፊደል 33 ጊዜ 7 ሲባል ብቻ 231 ነው፤ ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ይበልጣል። ፕሮግራም ሠሪዎቹም በእንግሊዝኛው ቁጥር ላይ የኛን ፊደል መልክ አለበሱት፤ አንዱ «ሀ»ን ከአንድ ቁጥር ላይ ሲያስቀምጥ ሌላው ከሌላ ቁጥር ላይ ያስቀምጣል። ልብሱ የሌለበት ኮምፒውተር ዘንድ ሲደርስ የሚታየው ራቁቱን ያለው የፈረንጅ ፊደል ነው።

ያ ነገር የተቋጨው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ነው፤ ዩኒኮድ ለየአገሩ ፊደል የጋራ ቁጥር የሚሰጥ ሰንጠረዥ ነው። ከዚያ ወዲህ «ሀ» በዓለም ላይ የራሷ የሆነች አንዲት ቁጥር አላት፤ ጃፓንም ትከፈት መሐል ሜዳ «ሀ» ናት። ቁጥሩ ቢወጣም የኛ ቢሮዎች የለመዱትን ለመተው ብዙ ዓመት ወሰደባቸው። ስለዚህ የልጆቹን ፈተና የማርመው እኔ ብሆን 1999 ብዬ እጨምርበት ነበር። የሰው ደብዳቤ የማይነበብበት መገናኛ ምኑ መገናኛ ይባላል?


የሮቢት ልጅ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡00

እትዬ፣ ከልብ የገባኝ ጽሑፍ ነው። አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ታዲያ አሁንም በአማርኛ የጻፍነው የስልክ መልእክት ለምን ቶሎ ለሁለት ይከፈላል?


የአንጎለላው
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡30

ለእሱ እኔ ልመልስ። አጭር የስልክ መልእክት የሚይዘው 140 ባይት ነው፤ 1 ባይት 8 ቢት ነው፣ ቢት ማለት ደግሞ 0 ወይም 1 የሚጻፍባት ትንሿ ቦታ ናት። የእንግሊዝኛ ፊደል በ7 ቢት ስለሚጻፍ 160 ፊደል ይገባበታል፤ የኛ 16 ቢት ስለሚፈልግ 70 ብቻ ይገባል። በድረ ገጽ ላይም ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ እ.ኤ.አ. በ1992 በአንድ ምግብ ቤት ጠረጴዛ ላይ በነደፉት ዩቲኤፍ-8 የተባለ የፊደል አመዘጋገብ ደንብ መሠረት የእንግሊዝኛው ፊደል 1 ባይት፣ የኛው 3 ባይት ይወስዳል። ግን እንዳይከፋን፤ «ሰላም» በኛ 3 ፊደል ነው፣ በነሱ ሲጻፍ 5 ነው። ፊደላችን አናባቢውን አቅፎ ስለሚሄድ ጉዳቱ ቁጥሩ እንደሚያስፈራው አይደለም።


የሮቢት ልጅ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡40

1989 እና 1991 ያሉትን ልጆች የሚከላከል ስለጠፋ እኔ ልሞክር፤ ድረ ገጽ መሥራት እንጀራዬ ነውና።

እነዚህ ልጆች የተሳሳቱት የድርን (የወርልድ ዋይድ ዌብን) ልደት ከኢንተርኔት ልደት ጋር በማምታታት ነው፤ ይህንን ደግሞ አዋቂውም ያምታታዋል። ኢንተርኔት መንገዱ ነው፤ ድር በመንገዱ ላይ ከሚመላለሱት አንዱ ነው፣ ኢሜይልም ሌላው ነው። ቲም በርነርስ ሊ በጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው ሰርን በተባለው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ሲሠራ፣ ሳይንቲስቶቹ የየራሳቸው ኮምፒውተር ውስጥ የቀበሩትን ሰነድ አንዱን ከሌላው በማያያዣ ማስተሳሰር የሚያስችል ሐሳብ እ.ኤ.አ. በማርች 1989 ለአለቃው አቀረበ። አለቃው ጽሑፉ ላይ «ጥርት ያለ አይደለም፣ ግን ልብ ይስባል» የሚል ማስታወሻ ጻፈበት። የመጀመሪያው የድር ሰርቨር የእሱ የራሱ ኮምፒውተር ስለነበረ፣ ማንም እንዳያጠፋው የሚያስጠነቅቅ ወረቀት ለጥፎበት ነበር። ሥራው ለሕዝብ የተነገረው እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ቀን 1991 ነው።

ለእኔ ግን ከሁለቱም ዓመት የሚበልጠው 1993 ነው። በዚያው ጊዜ ከድር ይልቅ የሚታወቀው ጎፈር የተባለ ሥርዓት ነበር፤ ባለቤቱ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ለአጠቃቀሙ ክፍያ እንደሚጠይቅ አስታወቀ። ሰርን በአንጻሩ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 30 ቀን 1993 ድርን ማንም በነጻ እንዲጠቀምበት ለቀቀው። ሥዕልና ጽሑፍ በአንድ ገጽ የሚያሳየው ሞዛይክ የተባለው ማሰሻም በዚያው ዓመት ወጣ። ሰው ሁሉ ወደ ነጻው ጎረፈ። እኔ ዛሬ ሸዋ ሮቢት ተቀምጬ ከማንም ፈቃድ ሳልጠይቅ ለደንበኛ ገጽ የምሠራው በዚያ ውሳኔ ምክንያት ነው።


ጋሽ መስመር
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 12፡45

ልጆች፣ ሁላችሁም አንድ ነገር አልፋችኋል። የመምህሩን ጥያቄ እንደገና አንብቡት። «1969፣ 1983፣ 1989፣ 1991» ይላል እንጂ «እ.ኤ.አ.» አይልም። ፈተናው በአማርኛ ነው፤ ልጆቹ የሚኖሩት በኛ አቆጣጠር ነው። እኔ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ብሆን ዓመተ ምሕረት ነው ብዬ አነብበው ነበር። እስቲ በዚያ መንገድ እንየው።

1983 ዓ.ም. ብንል፣ የሮቢት ልጅ የጠቀሰው ኦገስት 6 ቀን 1991 በኛ ሐምሌ 30 ቀን 1983 ይውላል። ስለዚህ «ለ» ያለችው ተማሪ በፈረንጁ ብትቆጥር የቲሲፒ/አይፒን፣ በኛ ብትቆጥር የድርን ልደት አግኝታዋለች።

1989 ዓ.ም. ብንል ደግሞ ወደ ቤታችን እንመጣለን። ከዚያ በፊት በአዲስ አበባ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የነበረው ፓዲስ የተባለ የመረጃ ሥርዓት ኢሜይል ያስተላልፍ ነበር፤ መልእክት ይጠራቀምና ኮምፒውተሩ በስልክ ደውሎ የተጠራቀመውን ይቀያየራል፣ ከዚያ ስልኩ ይዘጋል። ሙሉው የኢንተርኔት አገልግሎት ለሕዝብ የተከፈተው በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በሚባለው መሥሪያ ቤት በ1989 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጁ 1997 መጀመሪያ ላይ መሆኑ ነው። «ሐ» ያሉትም ስለ አገራቸው ቢጠየቁ ልክ ናቸው። 1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሞባይል ስልክ የተጀመረበት ነው፤ ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሆንም፣ ግን ቅርብ ዘመድ ነው። 1969 ዓ.ም. ግን ብፈልግ ብፈልግ ምንም አላገኘሁበትም። መምህር ልጄ፣ አትቀየመኝ፤ በኛ አቆጣጠር ሲታይ ከአራቱ ባዶውን የመረጥከው አንተ ነህ።

ስለ አገራችን ከተነሣ አይቀር፣ ወደብ ስለሌለን ወደ ውጭ የሚያገናኘን መስመር በጎረቤት አገር ማለፍ ነበረበት። ከዚያ በፊት ሸክሙ የሳተላይት ነበር። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ስለሚገኝ፣ ጥያቄ ወጥቶ መልሱ እስኪመለስ ግማሽ ሴኮንድ ይጠፋል፤ ይህ የመሣሪያ ጥፋት አይደለም፣ የርቀቱ ዋጋ ነው። በመስታወት ክር ውስጥ ብርሃን በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ያለውን 130 ኪሎ ሜትር ከሴኮንድ አንድ ሺህኛ ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል ማለት ነው። በመዳቡ ዘመን ግን ዝናብ ሲዘንብ መጋጠሚያው ዝጎ ሞደሙ እንደ ታመመ ሰው ያቃስት ነበር። ስንቱን መጋጠሚያ በእጄ ጠርጌአለሁ።


የጠባሴው መምህር
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡30

ጋሼ፣ አልተቀየምኩም፤ እንዲያውም ሌሊቱን ሙሉ ሳስቅ ነው ያደርኩት። ዛሬ ጠዋት ለክፍሉ ስለ አቶሚክ ጦርነቱ ያስተማርኩትን አረምኩ፤ የባራንን ጥናትና የቴይለርን ሦስት ተርሚናሎች ለየብቻ አስረድቼ፣ «ትኩስ ድንች»ን በወረቀት ኳስ አጫወትኳቸው። ነጥቡን በሚመለከት «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» ላሉት በሙሉ ሁለት ነጥብ ሰጥቻለሁ። «መ» ያሉት ድርንና ኢንተርኔትን ለይተው በጽሑፍ ካስረዱኝ እሰጣቸዋለሁ ብያለሁ፤ ከዘጠኙ ሰባቱ ለነገ እንደሚያመጡ ቃል ገብተዋል። 1983 ያለችው ተማሪ የሐምሌ 30ውን ነገር ስነግራት «እሱን ግን አላወቅኩም ነበር» ብላ በእውነት መሰከረች።

ጥያቄውን ለሚቀጥለው ዓመት እንዲህ ለውጬዋለሁ፦ «አርፓኔት፣ ቲሲፒ/አይፒ እና ድር የተጀመሩባቸውን ዓመቶች እ.ኤ.አ. ጻፍ/ጻፊ፤ ኢንተርኔት ተጀመረ ለማለት የትኛውን እንደምትመርጥ/እንደምትመርጪ ከነምክንያቱ አስረዳ/አስረጂ»። አምስት ነጥብ።

አንድ ልመና አለኝ። ልጆቹ «ባለ እጀታ ስልክ» ስላቸው በዓይናቸው ያዩት ነገር ስላልሆነ አልገባቸውም። ጋሼ፣ ከድሮው ዕቃ የቀረዎት ነገር ካለ ለአንድ ሳምንት ቢያውሱኝ ክፍል ውስጥ አሳያቸው ነበር።


የመሐል ሜዳዋ ጸሐፊ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡05

መምህር፣ አሮጌው የጽሕፈት መኪናዬም አለ። ፊደሉን በአንድ ምት፣ ቅጥያውን በሌላ ምት እየቀጠለ እንዴት እንደሚጽፍ ቢያዩ የዩኒኮዱ ነገር የበለጠ ይገባቸዋል። ከባድ ስለሆነ ግን በሰው እጅ ካልሆነ አልልከውም፤ ለግንቦት ልደታ ወደ ደብረ ብርሃን ስመጣ ይዤው እመጣለሁ።


ጋሽ መስመር
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 1፡00

ስልኩ አለ፤ እጀታውም ይዞራል። ከአንድ ክንድ መዳብ ሽቦና ከምሰሶ ላይ ከወረዱ ሁለት የሸክላ ስኒዎች ጋር በሁለት ካርቶን አድርጌ ነገ ጠዋት ከደብረ ሲና በሚነሡት ሚኒባሶች እልከዋለሁ፤ አንዱ መኪና ሁለቱንም ላይጭንልኝ ይችላል። ላያቸው ላይ ስምህን፣ «ደብረ ብርሃን መናኸሪያ» የሚለውንና 1 እና 2 ብዬ ጽፌባቸዋለሁ። 2ኛው ቀድሞ ቢደርስ አትደንግጥ፤ 1ኛው እስከ ስድስት ሰዓት ካልመጣ ግን ደውልልኝ።